60 ኪሎ ሜትሩን የሚያበላሹት 300 ሜትሮች፦ ለከተማ የመንገድና የትራንስፖርት ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በመካከለኛ ከተሞች መንገድ ለምትሠሩ፣ ለምትጠግኑና ትራፊክ ለምታስተናብሩ መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ ከከተማ ወጥተው ወደ ከተማ ስለሚመለሱ የብስክሌት መስመሮች

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችና መሐንዲሶች፣

መካከለኛ ከተማ ለብስክሌት የታደለች ናት። ከመሃሏ የተነሳ ሰው በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ዳር ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና የማይበዛባቸው የገጠር መንገዶች ይጀምራሉ። በትልልቅ ከተሞች ይህ ዕድል የለም። የ40፣ የ60 ወይም የ100 ኪሎ ሜትር ዙር ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው መንገድ አብዛኛው ቀድሞ ተሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ ሰው ለምን አይወጣበትም? ይህን ደብዳቤ የጻፍነው መልሱን ለመናገር ነው፦ መስመሩን የሚገድለው መጋጠሚያው ነው። ባማረ 60 ኪሎ ሜትር ውስጥ 300 ሜትር የሚያስፈራ ቦታ ካለ፣ ብስክሌተኛው ከቤቱ ሳይወጣ የሚያስበው ስለዚያ 300 ሜትር ነው። ልምድ ያለው ጥርሱን ነክሶ ያልፈዋል፤ ጀማሪውና ልጁን ያስከተለው ግን ይቀራል። ስለዚህ ለአዲስ መንገድ በጀት ከመያዛችሁ በፊት መጋጠሚያዎቹን እንድትፈልጉ እንጠይቃለን። የት የት እንደሚገኙና ምን እንደሚያድናቸው ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

ከሁሉ በላይ መስመር የሚቆርጠው ከተማዋን የሚዞረው ፈጣን መንገድ ነው። ከመሃል የሚወጣው ጎዳና ከቀለበት መንገዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጥሞና ተመልከቱት። በቀኝ በሚነዳበት አገር ብስክሌተኛው ቀኝ ጠርዙን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከቀለበት መንገዱ ወርዶ ወደ ጎዳናው የሚቀላቀለው መኪና ደግሞ ከብስክሌተኛው በስተቀኝ ይመጣል፤ አሽከርካሪው የሚያየው በግራ ትከሻው ወደ ኋላ፣ የሚገባበትን ክፍተት ነው። ብስክሌተኛው በግራም በቀኝም መኪና እያለፈው በመሃል ይቀራል፤ ይህም 100 ወይም 150 ሜትር ድረስ ሊቀጥል ይችላል። እዚህ ቦታ ላይ የብስክሌት ሥዕል በቀለም መሳል አያድንም። የሚያድነው መገናኛውን ማሳጠር ነው፦ ብስክሌተኛው ቀደም ብሎ ከጎዳናው ወጥቶ በራሱ ጠባብ መንገድ ይሄዳል፣ መግቢያውንና መውጫውንም በአንድ ቦታ በ90 ዲግሪ ያቋርጣል። ቦታው የሚመረጠው መኪናው ገና ባልፈጠነበት ወይም ፍጥነቱን በጨረሰበት ነው። ወደ ፈጣኑ መንገድ በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ መጀመሪያው፣ ከፈጣኑ መንገድ በሚያስወጣው ላይ መጨረሻው ይሻላል። ይህ ሥራ ጥቂት የጠርዝ ድንጋይ፣ አጭር ንጣፍና ምልክት ነው የሚፈልገው።

ፈጣኑን መንገድ ጨርሶ መሻገር ግድ ሲሆን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው ከላይ የሚያልፍ ድልድይ ነው። እኛ የሥር መተላለፊያ እንዲቀድም እንመክራለን፤ ምክንያቱም ሒሳቡ ቀላል ነው። ከላይ ለማለፍ የከባድ መኪና ቁመት ግድ ስለሚል 5 ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልጋል፤ የድልድዩ ውፍረት ሲጨመርበት ብስክሌተኛው 6 ሜትር ይወጣል። በ5 በመቶ ዳገት፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር በሚወጣ፣ ይህ በየአቅጣጫው 120 ሜትር መውጫ ነው። በሥር ለማለፍ ግን 2.5 ሜትር የጭንቅላት ክፍተት ይበቃል፤ ውፍረቱን ጨምሮ 3.5 ሜትር መውረድ ነው፣ መውጫውም 70 ሜትር ይሆናል። ደግሞም ብስክሌተኛው መጀመሪያ ስለሚወርድ ያገኘው ፍጥነት ለዳገቱ ያግዘዋል። ቅድመ ሁኔታዎቹን ግን አትርሷቸው። ከመግቢያው ሲታይ መውጫው ወለል ብሎ መታየት አለበት፤ ስፋቱ 4 ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ መብራት ይኑረው፤ ውሃው በራሱ የሚወጣበት ቦይ ይኑረው። ቦይ የሌለው የሥር መተላለፊያ በዝናብ ወቅት ኩሬ ይሆንና መስመሩ ያለቀበት ቦታ ይሆናል።

የትራፊክ መብራትም መጋጠሚያ ነው። የአረንጓዴው ደቂቃ የተሰላው ለመኪና ከሆነ ብስክሌተኛው መሃል ላይ ይቀራል። ቆሞ የነበረ ብስክሌተኛ 20 ሜትር ስፋት ያለው መስቀለኛ መንገድ ለመሻገር፣ ከመነሳትና ከመፍጠን ጋር፣ በሜዳ ላይ 9 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዳገት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ሁሉም አቅጣጫ ቀይ የሚሆንበት ጊዜ ተደምረው ከዚያ እንዳያንሱ። መብራቱ የሚለወጠው አስፋልቱ ውስጥ በተቀበረ ሽቦ መኪና ሲያውቅ ከሆነ ደግሞ ማለዳ ብቻውን የመጣ ብስክሌተኛ ቀይ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሽቦው ብስክሌትን ማወቅ ይችላል፤ የሚያውቀው ግን የአሉሚኒየም ቸርኬ በቀጥታ ሽቦው የተቀበረበት መስመር ላይ ሲያርፍ ነው። መሃሉ ላይ የቆመ አይታይም። የመቆጣጠሪያው ንቃት ከፍ ይደረግ፣ መቆም ያለበት ነጥብም መሬቱ ላይ በትንሽ የብስክሌት ምልክት ይታይ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ከከተማ ወጥተናል። እዚህ የሚያስጨንቀው የመንገዱ ጠርዝ ነው፤ እሱን ጠለቅ ብለን እንመለከታለን፤ ምክንያቱም ብስክሌተኛው የሚኖረው እዚያ ግማሽ ሜትር ላይ ነው።

የኮርስ ብስክሌት ጎማ ስፋቱ 25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የ28 ሚሊ ሜትር ጎማ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ የጉድጓድ ስለታም ጠርዝ ሲመታ ጎማው እስከ መጨረሻው ይጨመቃል፤ ካላማዳሪያው በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል። ካላማዳሪያውን አውጥታችሁ ብታዩት ጎን ለጎን የቆሙ፣ እባብ የነደፈው የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ። እሾህ አንድ ይበሳል፤ ሁለት ሲሆን ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ለመኪና ምንም ያልሆነ የ3 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ለብስክሌት ጎማውን የሚበላ፣ አንዳንዴም ቸርኬውን የሚያጎብጥ ነው። ይህ ደረጃ በብዛት የሚፈጠረው በጉድጓድ አይደለም፤ ለውሃ ቧንቧ ወይም ለኬብል ተቆፍሮ በተደፈነ ቦታ ነው። አፈሩ በየ15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትሩ ተጠቅጥቆ ካልተደፈነ ከወራት በኋላ ይሰምጣል፤ አስፋልቱም ከጎኑ ካለው ዝቅ ይላል። ለቆፋሪው ተቋራጭ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት 3 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ በተደፈነው ቦታ ላይ ይጋደም፤ በሥሩ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ከታየ ሥራው ይደገም። ፍተሻውም ሥራው ባለቀ ማግስት ብቻ ሳይሆን አንድ የዝናብ ወቅት ካለፈ በኋላ ቢደገም እውነተኛው ውጤት ይታያል።

የፍሳሽ ክዳኖች ሌላው አደጋ ናቸው። ፍርግርጉ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተገጠመ የፊት ጎማውን እስከ ቸርኬው ይውጠዋል፤ ብስክሌተኛው በመሪው ላይ ተወርውሮ በጭንቅላቱ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ክዳኑ በትክክል የተሠራ ሆኖ ለጽዳት ሲነሳ አዙረው የመለሱት ነው፤ ስለዚህ አራት ማዕዘን ክዳን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገባ ሆኖ ቢሠራ ይመረጣል። ያሉትን ለመለወጥ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አግድም ብረት መበየድ ያድናል። አዲስ አስፋልት በአሮጌው ላይ ሲነጠፍ ደግሞ የክዳኑ ፍሬም ቀድሞ ከፍ መደረግ አለበት። ካልሆነ በእያንዳንዱ ንጣፍ 5 ሴንቲ ሜትር እየጠለቀ ይሄድና ክዳን የነበረው ጉድጓድ ይሆናል።

በመንገዱ ትከሻ፣ ማለትም ከመኪና መስመሩ ውጭ ባለው ጠርዝ ላይ፣ ጠጠር፣ መስታወትና አሸዋ ለምን እንደሚከማች ግልጽ ነው፦ የመኪና ጎማ መሃሉን እየጠረገ ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። ከሁሉ የከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ በሚበጣጠስበት ቦታ ከውስጡ ያለው የብረት ክር ተሰባብሮ ይቀራል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች፣ ቅጥነቱ እንደ ፀጉር የሆነ ሽቦ ነው። ጎማው ውስጥ ሰርጎ ይገባና ቀስ በቀስ ይበሳል፤ ካላማዳሪያ ቢቀየርም ሽቦው በጣት ተዳስሶ በወረንጦ ካልወጣ አዲሱንም ይበሳዋል። መጥረጊያ መኪናው መሃሉን ሳይሆን የትከሻውን 1.5 ሜትር እንዲጠርግ፣ የፈነዳ ጎማ ቁራጭ የሚያነሳው ቡድንም ቦታውን እንዲጠርግ እንጠይቃለን። ጠጠሩን ከምንጩ ማስቀረትም ይቻላል። የፒስታ መንገድ ከአስፋልቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ የፒስታው የመጨረሻ 10 ሜትር ቢነጠፍ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ 20 ሜትር ቢነጠፍ፣ መኪናው ጠጠሩን እዚያው ያራግፋል። በአንድ መስመር ላይ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ ለዋጋው ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጥ ሌላ አናውቅም። በተለይ በቁልቁለት ኩርባ ላይ ያለው መገናኛ ይቅደም። በ8 በመቶ ቁልቁለት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌተኛ በደረቅ አስፋልት ለመቆም በግምት 50 ሜትር፣ በእርጥብ ደግሞ 100 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ጠጠር ላይ ተዘንብሎ ፍሬን የያዘ ግን አይቆምም፣ ይወድቃል።

ስለ ዳገት አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከብስክሌቱ ጋር 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 በመቶ ዳገትን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 200 ዋት ያህል ጉልበት ያፈሳል። በዚያ ፍጥነት መሪው ይንገዳገዳል፤ ከጎኑ የሚያልፈው መኪና ግን 60 ወይም 70 እየሄደ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ብስክሌተኛው ወደ መኪናው ፍጥነት ይጠጋል፣ መስመሩን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ጠባብ ትከሻ ውስጥ ቢገባ እንዲያውም ለእሱ የከፋ ነው። ስለዚህ ትከሻ ለማስፋት ያለው ገንዘብ ለአንድ ጎን ብቻ ከበቃ ለሁለቱም አታካፍሉት። ሙሉውን ለዳገቱ ጎን ስጡት። 1.5 ሜትር በአንድ ጎን፣ በየጎኑ ከሚሠራ 75 ሴንቲ ሜትር ይሻላል። 75ቱ ለማንም አይበቃም።

ያሸለበ አሽከርካሪን ለመቀስቀስ በትከሻው ላይ የሚቆፈሩት ተርታ ጥርሶች ሕይወት ያድናሉ፤ ይነሱ አንልም። ነገር ግን ከጥርሶቹ ውጭ ቢያንስ 1.2 ሜትር ንጹሕ ትከሻ ይቅር። በየ12 እስከ 18 ሜትሩም 3.5 ሜትር ያህል ሳይቆፈር ይተው፤ ብስክሌተኛው የተበላሸ ቦታ ሲያይ በዚያ ክፍተት ወጥቶ ይመለሳል። ሬንጅ ረጭቶ ጠጠር በመበተን የሚደረገው ጥገናም እንዲሁ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ችግሩ ከላይ የቀረው ልቅ ጠጠር ነው። ለኮርስ ብስክሌት ደቃቅ ጠጠር ይሻላል፤ መጠኑ ከ10 ሚሊ ሜትር ያህል ካለፈ ጎማውም እጁም ይንቀጠቀጣል። መኪና ከረገጠው ከጥቂት ቀናት በኋላ ልቁ ጠጠር ይጠረግ፣ መጥረጉም እስከ ጠርዙ ይድረስ።

አስፋልት ላልሆኑ መስመሮችም ቦታ አለን። አገልግሎት ያቆመ የባቡር ሐዲድ መንገድ ካለ ውድ ሀብት ነው፤ ባቡር ዳገት ስለማይወድ ቁልቁለቱ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ደህና የተጠቀጠቀ 15 ሴንቲ ሜትር መሠረት፣ ከላዩ እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ደቃቅ ከዱቄቱ ጋር 10 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ወደ ጎን 2 በመቶ ያህል ዘንበል ያለ ቢሆን ቀጭን ጎማም ይሄድበታል። ዱቄቱን አታስወግዱት፤ ጠጠሩን የሚያጣብቀው እሱ ነው። ዳገቱ ከ5 በመቶ በላይ የሆነበት ቁራጭ ግን ይነጠፍ፤ አለበለዚያ ውሃ በአንድ ወቅት ይዞት ይወርዳል። የፒስታ መንገዶች ላይ የሚፈጠረውን ተርታ ሞገድ በተመለከተ፣ ግሬደሩ ጫፍ ጫፉን ብቻ ከመታው ሞገዱ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል፤ ከሞገዱ ሥር ዘልቆ መቁረጥ፣ ማርጠብና ዳግም መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ደረቅ አፈር አይጠቀጠቅም፣ ስለዚህ ሥራው ከዝናብ በኋላ ይታቀድ። መሃሉ ከጠርዙ በ4 በመቶ ያህል ከፍ ካለ ውሃው ወደ ጎን ይወጣል።

መኪና እንዳይገባ ተብሎ መግቢያ ላይ የሚተከለው የብረት ምሰሶ ከሚከላከለው መኪና የበለጠ ሰው ያቆስላል ብለን እናምናለን። ብስክሌተኞች ንፋስ ለመከላከል ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ ፊተኛው ምሰሶውን ያያል፣ ሦስተኛው የሚያየው የፊተኛው ጀርባ ነው። መጀመሪያ ምሰሶ ሳይተከል በምልክት ብቻ ይሞከር። ግድ ከሆነ አንድ ወይም ሦስት ይሁን፣ ሁለት አይሁን፤ ሁለት ሲሆን ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣው ሰው ወደ መሃል ይሰበሰባል። በምሰሶዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ይተው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ይሁን፣ መብራት የሚያንጸባርቅ ቴፕ ይለጠፍበት፣ ከፊቱም መሬቱ ላይ መስመሩን በግራና በቀኝ የሚከፍል ቀለም ይቀባ። በቁልቁለት ግርጌ ግን በምንም ምክንያት አይተከል።

መንገዱ ሲስተካከል ሰው እንዲያገኘው ምልክት ያስፈልጋል። እኛ የምንመክረው በቁጥር የተያያዙ መገናኛዎችን ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጂየም ሊምቡርግ የተጀመረ ሲሆን ሐሳቡን ያመነጨው ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ነው፤ በኋላ ወደ ኔዘርላንድስ ተስፋፍቷል። እያንዳንዱ መገናኛ ቁጥር አለው፣ ምልክቱም ወደ ቀጣዮቹ ቁጥሮች ያመለክታል። ጋላቢው 12፣ 47፣ 33 ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ ይወጣል፤ ሲደክመው ያሳጥራል፣ ሲያምረው ያረዝማል። ለአንድ ከተማ 25 ወይም 30 ቁጥር ይበቃል። ከእያንዳንዱ መታጠፊያ 20 ሜትር ያህል አልፎ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ትንሽ ምልክት ይጨመር፤ ሰው የሚጠፋው ከታጠፈ በኋላ በሚመጣው ጥርጣሬ ነው። መስመሩን በስልክ ካርታ ላይ የሚያሳየውን የጂፒኤክስ (GPX) ፋይል ቢሮው ራሱ ያውጣ፣ ውሃ የሚገኝበትንና መንገዱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቀንም ይጻፍበት።

መስመሩን ስትመርጡ የመኪናውን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ፣ ዓይነቱንም እዩ። ድንጋይ መፍጫ ያለበት ጸጥተኛ መንገድ፣ መኪና ከሚበዛበት የመንደር መንገድ ይልቅ ያስፈራል። በቀኝ በሚነዳበት አገር ዙሩ በሰዓት አቅጣጫ ቢሄድ መታጠፊያዎቹ ወደ ቀኝ ይሆናሉ፣ መንገድ ማቋረጥ ይቀንሳል፤ በግራ በሚነዳበት ተቃራኒው ነው። ንፋሱ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የሚነፍስ ከሆነ መውጫው ወደ ንፋሱ፣ መመለሻው ከንፋሱ ጋር ይሁን፤ በመጨረሻው 20 ኪሎ ሜትር ከፊት የሚመጣ ንፋስ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል።

ከአፈር ሥራ ውጭ የምንጠይቀው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የማለፊያ ርቀት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አሽከርካሪ ብስክሌተኛን ሲያልፍ በከተማ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ደንግጋለች፤ እንዲህ ያለ ደንብ ካላችሁ ቁጥሩን በመስመሩ መግቢያ ላይ በትልቁ ጻፉት። ሁለተኛው እሑድ ማለዳ ነው። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እየሰፋ በመጣ አሠራር እሑድና በበዓል ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። ከእናንተ የምንጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፦ አንድ የ15 ኪሎ ሜትር ዙር፣ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት። ስንት ሰው እንደሚወጣ ቆጥራችሁ ቀጣዩን ወስኑ።

ሥራው የሚጀመረው በፍተሻ ነው። ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንዱ የቢሮው መሐንዲስ፣ ሌላው መስመሩን የሚያውቅ ጋላቢ። መሐንዲሱ በመኪና ሳይሆን የ28 ሚሊ ሜትር ጎማ ባለው ብስክሌት ይሂድ፤ ከመኪና ወንበር የ3 ሴንቲ ሜትር ደረጃ አይታወቅም። ሜትር፣ ኖራና ስልክ ይያዙ። ያገኙትን ሁሉ በአንድ ሚዛን ከማስቀመጥ፣ የሚጥለውን፣ ጎማ የሚበላውንና ምቾት የሚነሳውን ለዩ፤ የሚጥለው በሳምንት ውስጥ ይስተካከል። ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ባለሙያ በስም ይታወቅ፣ ስልኩም በምልክቶቹ ላይ ይጻፍ።

ለመጀመሪያው ፍተሻ ሌሊቱን ዝናብ ያደረበትን ማለዳ ብትመርጡ ደስ ይለናል። ውሃ ያቆረበት ቦታ፣ ከፒስታው የወረደው አሸዋና የሰመጠው ክዳን በዚያች ሰዓት ሳይፈለጉ ይታያሉ። አብሮ የሚወጣ ጋላቢ በጠራችሁን ቀን ይመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በመስመሮቹ ላይ የምንጋልብ